የአናጢው እናት በእንግሊዝኛ

አናጢው በአርባ ዓመቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ መማር ጀመረ። የቤተሰብ ቃላት የተማሩ ቀን መምህሯ፣ «እናትህ ምን ትሠራለች?» ብላ ጠየቀችው። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችው፤ ዛሬም ታጥባለች። የሥራዋን ስም በእንግሊዝኛ አሳምሮ ያውቀዋል። ግን ከጎኑ አብራው የምትማር አንዲት የባንክ ሠራተኛ ተቀምጣ ነበርና «ሞታለች» አለ በእንግሊዝኛ፣ አጠራሩን ቅንጣት ሳያዛንፍ።

በማግስቱ እቤቱ ግቢ ውስጥ በር ሲልግ መምህሯና የክፍል ጓደኞቹ ፊታቸው በሐዘን ጠቁሮ ገቡ። እናቱ አረፋ የነካ እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች ከልብስ ማጠቢያ ገንዳው ተነሳች።

«እማማ፣ ሐዘናችሁን አልሰማንም ነበር» አለች መምህሯ። «የእናቱን ነፍስ ይማር።»

እናቱ ዞር ብላ ልጇን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ከባንክ ሠራተኛዋ ጫማ ላይ ዓይኑን ማንሳት አቃተው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ» አለች በመጨረሻ። «እኔ አክስቱ ነኝ። እናቱማ ስትወደው ለጉድ ነበር።»

እሱ የሠራቸውን በርጩማዎች አውጥታ እንግዶቹን አስቀመጠች። ሲሄዱ እስከ በር ሸኘቻቸውና ገንዳዋ ላይ ተመልሳ አጎነበሰች። የምታጥበው ለትምህርት የሚለብሰውን ሸሚዝ ነበር።