ያቋረጥኩት ቀኖና

ወይስ ዛሬም እንደ ወትሮዬ የልደታን በር ስሜ ልመለስ፣ ስድስት ዓመት ስሜ ተመልሻለሁ፣ ማንም ውጣ አላለኝም፣ ማንም ግባም አላለኝም፣ ዛሬ ግን መምሬ ወልደገብርኤል ዛፉ ሥር ድንጋዩ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ የንስሐ አባቴ፣ እኔ ሳላያቸው አርጅተዋል።

ምን ብዬ ልጀምር። ማመልከቻ መጻፍ እንጀራዬ ነው፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቼ የስንቱን ሰው አቤቱታ እጽፋለሁ፣ እስቲ የራሴን፣ አመልካች አብርሃ፣ በአባቱ ቤት ክርክር በእህቱ በአባዲት ላይ በሐሰት ምሎ ቤቱን ብቻውን ወስዷል፣ ጸጸት እንቅልፍ ሲነሳው ተናዟል፣ የአርባ ቀን ጾምና ስግደት ቀኖና ተቀብሏል፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን ምን? ጀለሶቼ ደወሉ፣ ጥብሱ መጣ፣ ድራፍቱ መጣ፣ በላሁ ጠጣሁ፣ አለቀ። ሕግ ብጠቅስ ባልጠቅስ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሰው ከፖሊስ ይሸሻል፣ እኔ ከስግደት ሸሸሁ፣ ትልቁን ኃጢአት ተናዝዤ ትንሹን መናገር አፈርኩ።

መምሬ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቤቴ ድረስ መጡ፣ ጸበል ሊረጩ፣ በሩን ቆልፌ ከኋላው ቆምኩ፣ አብርሃ፣ ልጄ፣ አለህ? የለሁም አባ፣ በልቤ። አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ሄዱ። ስልኬን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቤት ብቻዬን እዞረዋለሁ፣ የሰው ድምፅ እንዲኖር ሬዲዮ ከፍቼ እተኛለሁ፣ ሰው ናፍቆኛል፣ እግዜርም ናፍቆኛል፣ ይሄ ማመልከቻ ላይ አይጻፍም።

አዩኝ። በቃ፣ አዩኝ፣ እግሬ ሄደ፣ መስቀላቸውን ተሳለምኩ፣ አባ፣ ቀኖናውን አልጨረስኩም፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው የያዝኩት። አውቃለሁ ልጄ፣ የጨረሰ ሰው በር አይቆልፍም። ይቆጡኝ፣ እጥፍ ያድርጉብኝ፣ እሱን እችላለሁ፣ እሳቸው ግን ጉልበታቸውን እያሹ፣ እሱስ ተፈጽሟል፣ ይላሉ፣ ምኑ አባ? አርባውንም ቀን እኔ ጾሜ ሰግጄልሃለሁ።

ምን ይባላል ለዚህ። በዚህ ጉልበት። እኔ ጠግቤ ስተኛ እሳቸው ስለ እኔ ወድቀው ሲነሱ፣ በሬን በቆለፍኩባቸው፣ ስንት ጠዋት፣ እያለቀስኩ ነው መሰለኝ፣ አዎ እያለቀስኩ ነው፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ይየኝ።

የአባዲትን ግን እኔ አልችልልህም፣ ይላሉ፣ ድርሻዋን ትመልሳለህ፣ ይቅርታም አንተው ትለምናታለህ። እሺ አባ፣ በሯን ብትዘጋብኝስ? ትዝጋ፣ እኔም አብሬህ ደጅ እቆማለሁ፣ በል አንሳኝ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳቸዋለሁ፣ እንዴት እንዲህ ቀለሉ፣ አንደኛው ጉልበታቸው አልዘረጋ ይላል፣ ቀስ አባ፣ ቀስ ይበሉ፣ ይዤዎታለሁ።