የመጋዘኑ በር ላይ

ሐመልማል ለነርስነት ትምህርቷ ከካታሎግ መርጣ በፖስታ ያዘዘችው ኮምፒውተር ሬኒየር ቢች ከሚባለው ሰፈር ቤቷ ድረስ የደረሳት ስክሪኑ ተሰንጥቆ ነው። መልሳ ላከችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ተጠግኗል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ያው ኮምፒውተር ከነስንጥቁ መጣላት።

ለሸጠላት ድርጅት ኮል ስታደርግ ስልኩን ያነሳው ሰውዬ፣ «የሰበርሽው አንቺ ነሽ። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ካለ አገናኚኝ» አላት። ሐመልማል ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ለሐኪምና ለበሽተኛ ያስተረጎመች ሴት ናት። ስልኩን ዘጋችበት።

ካርቶኑ ላይ ያለው የመጋዘን አድራሻ ቱክዊላ ይላል፤ ከቤቷ ብዙም የማይርቅ ከተማ ነው። በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ይዛ ሄደች።

«እዚህ ደንበኛ አናስተናግድም፤ ደውይ» አላት የመጋዘኑ ኃላፊ።

«ደውዬ ተሰድቤአለሁ» አለችው፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጠች። «የሚሠራ ኮምፒውተር ሳልይዝ አልንቀሳቀስም።»

የጭነት መኪና መግቢያው መሐል ቆመች። ሁለት መኪኖች ከኋላዋ ክላክስ ያደርጉ ጀመር።

«ፖሊስ እጠራለሁ» አለ ኃላፊው።

«ጥራ፤ ስንጥቁን ለእሱም አሳየዋለሁ።»

በመጨረሻ ሌላ አመጣላት። እዚያው አስከፈተችው፤ አልበራም። ቀጥሎ ያመጣው በራ።

«ይቅርታስ?» አለችው።

ኃላፊው ፊቱን አዙሮ መኪኖቹ እንዲገቡ በእጁ ምልክት ሰጠ። ኮምፒውተሩን አንስታ ሳታመሰግን ሄደች፤ ንዴቷ ግን ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገባ።