የሎማ ሴካ ድምፅ

ስብሰባው አስር ሰዓት ላይ ነው። ዘጠኝ ከሩብ ሆኖም አክስቴ ኦቲልያ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ፒካፔን ትዞረዋለች።

"አያነሳም! ይሄ ሰውዬ ሊገድለኝ ነው።"

አቧራና ጭስ በሚቆጣጠረው የሸለቆው የአየር ጥራት ቦርድ ለትንንሽ ከተሞች የተመደበች አንዲት ወንበር አለች፤ የሚቀመጥባትን የሚመርጡት የከተሞቹ ከንቲባዎች ናቸው። አክስቴ የከተማችን የሎማ ሴካ ምክር ቤት አባል ከሆነች ጀምሮ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ይቺን ወንበር ስትመኝ ኖራለች። ከኛ ከተማ ልጆች ግማሾቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት በኪሳቸው ይዘው ነው። ከአስራ አንዱ ከንቲባዎች አምስቱ ከእሷ፣ አምስቱ ከተፎካካሪዋ ጋር ናቸው። የቀረው የራሳችን ከንቲባ ዴልፊኖ አቪላ ነው።

እሱ ከቀረ በእሱ ፈንታ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ምክር ቤቱ ቀድሞ መሰየም ነበረበት። ባለፈው ስብሰባ ጉዳዩ አጀንዳው መጨረሻ ላይ ተይዞም ነበር። ግን ያን ዕለት የትምህርት ቤታችን ቡድን በሜዳው ስለሚጫወት ሁሉም፣ አክስቴም ጭምር፣ ስብሰባውን ዘግተው ወደ ጨዋታው ሮጡ።

"እንዳታስታውሰኝ!" አለችኝ፣ አፌን ሳልከፍት።

ዴልፊኖን ያገኘነው የአልሞንድ ዛፍ እርሻው መሀል ነው። የማርገፊያ መኪናው ግንዱን ጨብጦ ሲያንቀጠቅጠው ፍሬው እንደ በረዶ ይወርዳል፤ አቧራው ፀሐይዋን ቡናማ አድርጓታል። አክስቴ አፏን በሻሿ ሸፍና ገባችበት።

"አንተ! ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"የመከር ቀን!"

"ድምፅህን እፈልጋለሁ።"

ሞተሩን አጠፋ። "ወንበሯን ባገኝልሽ መጀመሪያ የማንን አቧራ ነው የምታስቆሚው?"

ዋሺ፣ ለዛሬ ብቻ ዋሺ፣ እላለሁ በሆዴ። ሰዓቴን አየሁ።

"ያንተን" አለች።

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቁጣ ነበረበት። "መታነቂያ ገመዴን ራሴ ፈትዬ ላቀብልሽ?"

"ምን ላድርግ፣ ሌላ ከንቲባ የለኝ!"

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ መትቶ አራገፈና ፒካፑ ላይ ወጣ። እኔ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጥኩት።

አዳራሹ ስንገባ የከተሞቹ ስም እየተጠራ ነው። አምስት ለአምስት።

"ሎማ ሴካ?"

ዴልፊኖ ተነሳ። አፉን ሲከፍት ሳል ያዘው። ሳለ፣ ሳለ፤ ከሸሚዙ አቧራ ይበናል። አክስቴ ውሃ ልታቀብለው ብድግ አለችና፣ ዕጩ መሆኗ ትዝ ሲላት መልሳ ተቀመጠች።

"ኦቲልያ" አለ በመጨረሻ፣ እንባውን እየጠረገ። ወዲያው ወደ እሷ ዞረ። "ግን የእኔን አቧራ ልታስቆሚ የምትመጪው ከመከሩ በኋላ ነው!"

መከሩ ሊያልቅ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።

"ሰኞ ጠብቀኝ" አለችው።