ሚዜው የፈታው ብረት

ሾፌሩ ስለ ጆሮው ሲያወራ አፉን ሞልቶ ነው። ከመቀመጫው ሳይነሳ የትኛው ቡሎን እንደላላ እነግራችኋለሁ ይላል። ጠዋትና ማታ በሚኒባሱ የሚያመላልሳቸው አሥራ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ስድስት ዓመት ሞላቸው። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ የገዛ መኪናው ማጋደል ስትጀምር ጥፋቱን በሒሳብ ሹሙ ውፍረት ያሳበበው። ሰውዬው የሚቀመጡት በቀኝ በኩል ስለሆነ «ጋሼ፣ እስቲ ዛሬ በግራ ይሞክሩ» አላቸው። በግራም ተቀመጡ፣ መኪናዋ በየመታጠፊያው ዘመመች። በማግስቱ መሐል አስቀመጣቸው፣ ያው ነው። ጋሼም ተቀየሙና ሰላምታ ነሱት።

ሐሙስ ጠዋት ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ከድልድዩ በላይ ባለው ኩርባ አንድ የጭነት መኪና መስመሩን ስቶ መጣበት። መሪውን ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ ሚኒባሷ ወደ ግራ ተኛች፤ የቀኝ የኋላ ጎማዋ መሬት የለቀቀ መሰለው። ከኋላ ሰው ጮኸ። እንደምንም መልሶ ሲያቃናት ሚስቱን አያት። ሁልጊዜም ከጎኑ ተቀምጣ ነው ወደ ልብስ ስፌት ሥራዋ የምትሄደው። ፊቷ አመድ መስሎ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ነበር።

«ቀስ በል አላልኩህም?» አለችው።

እውነት ነው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀስ በል ስትለው ነበር። ያን ጊዜ ንዝንዝ መስሎት ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ እንደ እሾህ ወጋው። ይህች ሴት የደነገጠችው እንደሚመጣ የምታውቀው ነገር እንደመጣባት ሰው ነው።

ሰዎቹን አውርዶ፣ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከሥሯ ገባ። ስታብላይዘር የሚሉት ነገር አለ፤ ከመኪና ሆድ ሥር ተጋድሞ የግራና የቀኙን ጎማ የሚያያይዝ የታጠፈ ብረት ነው። መኪና ሲታጠፍ አካሏ ወደ ውጭ ልውደቅ ሲል «እረፊ» ብሎ የሚይዛት እሱ ነው። የኋላው ብረት በቦታው አለ፤ ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙት ሁለት አጫጭር ዘንጎች ግን የሉም። አልተሰበሩም፣ በመፍቻ ተፈትተው ወጥተዋል። ባዶዎቹን ቀዳዳዎች ዝገት እንዳይበላቸው አንድ ሰው ቅባት ቀብቷቸዋል። ብረቱም እንዳይንኳኳ በጎማ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል።

እዚያው በጀርባው ተንጋሎ ቀረ። ይህን ያደረገ ሰው ጆሮውን ያውቃል። የፈታውን ቀዳዳ ሁሉ ቅባት የሚቀባ መካኒክ ደግሞ በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው፤ በሠርጉ ቀን ከጎኑ የቆመው ሚዜው። ከሦስት ሳምንት በፊት ዘይት እንዲቀይርላት መኪናዋን ያሳደረውም እሱ ዘንድ ነበር።

ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል። ሾፌሩማ ስንጥሩን ትቶ ግንድ አገኘ። ከጋራዡ አጠገብ ያለው ጎማ ጠጋኝ ባለፈው «ባለቤትህ ሁለት ቀን እዚህ ተመላልሳ አጣችህ ልበል?» ያለው ትዝ አለው። ሚዜው ሁለት ጊዜ «ኩርባ ላይ እንዴት ናት?» ብሎ ሲጠይቀው ዓይን ዓይኑን አለማየቱ ትዝ አለው። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት የጀመረችው መቼ ነበር? ሦስት ሳምንቷ። ሁለቱ ተስማምተው ሊያጠፉኝ ነው ብሎ ደመደመ። እሷም እዚያችው መኪና ውስጥ መቀመጧን ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም፤ ቅናት የያዘው ሰው መቁጠር አይችልም።

ጋራዡ ሲደርስ ሚዜው ከአንድ ታክሲ ሥር ተኝቶ ይሠራ ነበር። እግሩን ይዞ ጎትቶ አወጣው። ሚዜው አልተቆጣም። ቁጭ ብሎ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«የፈታሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለምን እንደሆነ ግን ከእኔ አትሰማም፤ ምያለሁ። ቤትህ ገብተህ ጠይቃት። ስትጠይቅ ግን ቀስ ብለህ።»

ሾፌሩ አንገትጌውን አነቀው፣ ግን ሰውዬው እጁን እንኳ ሳያነሳ ሲያየው ለቀቀው። እየሄደ ሳለ ከኋላው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀስ እያልክ ትነዳለህ ብዬ ራሴን አታለልኩ፣ መኪናዋን አምጣትና ዛሬውኑ ልመልሰው ሲለው ሰማ።

እስከ በራቸው ድረስ በቀስታ ሊጠይቃት ነበር ሐሳቡ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ሚስቱ በጊዜ ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። የእሱን ሸሚዝ ነበር የያዘችው። ሲያያት ቀስታው ሁሉ ጠፋ።

«ከሚዜዬ ጋር መተኛት የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?» አላት።

ሸሚዙን አጥፋ ጨረሰች። ከሌሎቹ ላይ ደረበችው፣ በመዳፏም ደልደል አደረገችው።

«አሥራ ሦስት ሳምንቴ ነው» አለች።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። የመጀመሪያው ፅንስ በዘጠኝ ሳምንቱ፣ ሁለተኛው በአሥራ አንደኛው ነበር የወረደባት። አሥራ ሦስት ደርሰው አያውቁም።

እሷ ድምፅዋን ሳታነሳ ነገረችው። ሁለተኛው የሄደባት ያንን ለቧንቧ ተቆፍሮ የቀረውን መንገድ አልፈው ሥራ ቦታዋ እንደወረደች ነው። ሐኪሙ መንገዱ አይደለም ብሏታል፣ እሷም ሰምታዋለች፤ ግን በዚያ መንገድ ላይ የማታውቀው ጉድጓድ የለም። ጉድጓዶቹ ሁሉ በአንድ ወገን ናቸው። መካኒኩን ስትጠይቀው፣ አንዱ ጎማ ሲወድቅ ሌላውንም ይዞ የሚያናጋው ያ ብረት ነው፣ ቢፈታ መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ትለሰልሳለች፣ ኩርባ ላይ ግን ትከፋለች አላት። እንቢም ብሏት ነበር። በማግስቱ ተመልሳ ሄዳ አለቀሰችበት።

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ባለፈው ስነግርህ በማግስቱ የልጅ አልጋ መሥራት ጀመርክ። ከዚያ ደግሞ ያንን አልጋ ጓሮ ወስደህ ስትፈታው በመስኮት አየሁህ። ሁለተኛ ያንን አላይም ብዬ ነው።»

ሾፌሩ ተንበርክኮ እግሯን ያዘ። ይቅር በይኝ አለ፣ አላወቅሁም አለ፣ ሰይጣን ነው አለ፤ ሰው እንዲህ ጊዜ የሚለውን ሁሉ አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ሄዶ ይመልሰዋል?

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለች። «አንተ ግን ፈርደህ ነው የመጣኸው።»

ያን ቀን ሳይመሽ ሁለቱ ወንዶች ጋራዡ ውስጥ ዘንጎቹን መለሱ። አንዱ ያበራል፣ አንዱ ያጠብቃል። የአሥራ አንድ ሰው ነፍስ የሚሄደው በዚያች መኪና ነውና ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ወጥታ መኪናዋን አየቻት፣ አለፈቻትም። የተቆፈረውን መንገድ በእግሯ ተያያዘችው። ሾፌሩ ሰዎቹን ጭኖ ከኋላዋ በሰው እርምጃ ተከተላት። የኋላ መኪኖች ክላክስ አበዙ፣ ተሳፋሪዎቹም ሰዓታቸውን እያዩ አጉረመረሙ፤ እሱ ግን አላለፋትም።

ጉድጓዶቹ አለቁና ቆማ ጠበቀች። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ የፊቱን በር ከፈተላት። እሷ የኋላውን በር ራሷ ከፍታ ገባችና ሰዎቹ መሐል ተቀመጠች።

«ሾፌር፣ እንሂድ፤ ሰው ረፍዶበታል» አለች።

በሰባት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም። የፊቱን በር መልሶ ዘጋና ማርሽ አስገብቶ ነዳ።