ስምንት ሰከንድ ወደ ታች

ወንደሰን ከታይፎይድ ሲነሳ አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሶ ነበር። ሥራው ዲመካ ነው፣ የከብት ጤና ባለሙያ። ሲታመም ጂንካ እህቱ ትጊ ቤት መጥቶ ስድስት ሳምንት ተኛ። ከጥምቀት በኋላ ለሚሆነው ሠርጉ ያሰፋውን ሱፍ ሲለካ ትከሻው ላይ ተንጠለጠለበት። በማግስቱ ሰኞ ከሰዓት ትጊን ይዞ ወደ ሚልክያስ ጂም ሄደ።

ጂሙ በሚልክያስ ግቢ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ክብደቶቹ በብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተሰኩ፣ ሲሚንቶ የተሞሉ የቀለም ጣሳዎች ናቸው።

"አመም አድርጎኝ ነበር" አለ ወንደሰን።

ሚልክያስ ምን እንዳመመው አልጠየቀም። "ወደ ላይማ ማንም ያነሳል። ጡንቻ የሚሠራው ስታወርድ ነው። ማንሳቱን ለእኔ ተወው፤ አንተ ስምንት ሰከንድ ይዘህ አውርድ። ትጊ ትቁጠርልህ።"

ሚልክያስ ብረቱን እያነሳ እስከ ደረቱ ያደርስለታል፤ ወንደሰን ክንዱን ቀስ እያለ ይዘረጋል፤ ትጊ ትቆጥራለች። አምስተኛው ዙር ላይ ክንዶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ስምንተኛው ላይ ትጊ መቁጠሯን አቆመች።

"ይበቃዋል ሚልክያስ። ከንፈሩ ነጥቷል።"

"ቁጠሪ" አላት።

ወንደሰንም "ቁጠሪ" አለ። ቆጠረች።

ማክሰኞ ጠዋት ወንደሰን እጁን ወደ አፉ ማድረስ አቃተው፤ ያጎረሰችው ትጊ ናት። ሚልክያስ ጋ ስትደውል ሳቀ። "የሠራ ጡንቻ ያማል። ደግ ምልክት ነው።"

ረቡዕ ሁለቱም ክንዶቹ አብጠው ቆዳቸው ያብለጨልጭ ነበር። ትጊ ከሽንት ቤት ሲወጣ ፊቱን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

"ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቁሯል። ወባ ነው፣ ከዲመካ ይዤው የመጣሁት ይሆናል።"

ትጊ እንደገና ደወለች። ሚልክያስ በዚህ ጊዜ አልሳቀም፤ ባጃጅ ይዞ መጣ። እሱን ራሱን አርባ ምንጭ ያሠለጠነው ሰውዬ፣ ብረት ካነሳ በኋላ ሽንቱ ስለጠቆረ አንድ ልጅ አንድ ጊዜ አውርቶለት ነበር። ልጁ ምን እንደሆነ ግን ያኔ አልጠየቀውም። ሁለቱንም ጭኖ ሆስፒታል አደረሳቸው።

ዶክተር አየለች የወባውን ውጤት አየች። የለበትም።

"ሰሞኑን ወድቀሃል? ከባድ ሥራ ሠርተሃል?"

ወንደሰን ሚልክያስን አየት አደረገና "አልሠራሁም" አለ።

ትጊ ወንድሟን፣ ቀጥላ ሚልክያስን አየች። ሚልክያስ ወለሉን ያያል። በሐሳቡ ጂሙ ይዘጋል፣ ከተማው ስሙን በክፉ ያነሳል፣ ወንደሰን ከሞተ ደግሞ ... ዶክተሯ የወባው ምርመራ ይደገም ብላ ጻፈችና ወደ በሩ ሄደች።

ትጊ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሚልክያስ ቀደማት። "ዶክተር፣ ሠርቷል። እኔ ነኝ ያሠራሁት። ክንዱ አልችልም ሲል እያየሁ አላቆምኩም።"

ዶክተሯ አልተቆጣችም። "መቼ?"

"ሰኞ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።"

ሰዓቷን አየች። ወዲያው ግሉኮስ እንዲሰቀልለት አዘዘች፣ ደሙ እንደገና ተቀዳ፣ ስልክ ተደወለ። ትጊን ወደ ኮሪደሩ ወስዳ ቀስ ብላ አስረዳቻት፦ ጡንቻው እየፈረሰ ወደ ደሙ ገብቷል፤ ኩላሊቱ እሱን ማጣራት አቅቶታል፤ ከታይፎይድ በቅጡ ሳያገግም ይህን ያህል መሥራት አልነበረበትም። ከመምሸቱ በፊት አምቡላንስ ኩላሊት ወደሚታጠብበት ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ይዞት ሄደ። ትጊ አጠገቡ ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ የሽንቱን ከረጢት ስታይ ነበር። የምትንጠባጠበው ጥቂት ናት፣ እሷም ጥቁር።

አራት ጊዜ ኩላሊቱ ታጠበ። በአሥረኛው ቀን ሽንቱ መጣ፣ ሰንብቶም ጠራ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተዛወረ።

ወንደሰን ጂንካ ሲመለስ ሚልክያስ ሊጠይቀው መጣ። ወንበር ሲሰጡት ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

"ለዶክተሯ ለምን ዋሸህ?" አለው።

"ጂምህን ይዘጉብሃል ብዬ።"

ትጊ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። እጇን አላቆመችም።

"አንተስ? ለምን ዘገየህ?" አለችው ሚልክያስን።



"ፈርቼ" አለ ሚልክያስ።

ትጊ ያጠፈችውን ልብስ አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ እስኪሄድ ድረስ አልወጣችም።