ከታምሰን ጎዳና የሄደው ሦስተኛ ደብዳቤ

«ለታምሰን ጎዳና ክቡራንና ክቡራት ነዋሪዎች በሙሉ! ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ የደጃፉን እብነ በረድ ደረጃ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ያላጠበ ማንኛውም ሰው፣ ስሙ በመብራት እንጨቱ ላይ የሚለጠፍ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። የጎዳናው አለቃ፣ ቴዲየስ ፐርኔል።»

ይህን አዋጅ የተየብኩት እኔ ነኝ። ሚስተር ፐርኔል ከጆርጂያ የጥጥ ማሳ ወጥተው፣ በዚህ ከተማ አርባ ዓመት ፖስታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ያ ሁሉ ጉልበት የት ይግባ? ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጎዳናውን ያዙት። እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ቤቴ የጽሕፈት መኪና አለ። ከእኛ ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሄደ ደብዳቤ ሁሉ በጣቶቼ አልፏል።

የደብዳቤ አጻጻፋችን የራሱ ሕግ ነበረው። ከጥቁር ሰፈር እውነቱን ብቻ ከጻፍክ የሚመጣ የለም። የመንገድ መብራት ጠፋ ብለን ሦስት ጊዜ ጻፍን፤ ዝም። በአራተኛው «በጨለማው አንዲት አሮጊት ተዘረፉ» አልን፤ በማግስቱ መሰላል ይዘው መጡ። የተዘረፉ አሮጊት ግን አልነበሩም። «አይጥ በዛ» ስንል ማንም አልመጣም፤ «አይጥ ሕፃን ነከሰ» ስንል መርዝ የጫነ መኪና ደረሰ። ሚስተር ፐርኔል ይህን «ቅመም» ይሉታል። «ዊላ ሜ፣ ልጄ፣ ቅመም ጨመር አድርጊበት» ካሉኝ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገኝም።

ቁጥር ሃምሳ ስምንት ውስጥ ሰባት ወጣቶች ይኖሩ ነበር። ራሳቸውን «የጎህ ቤት» ብለው ሰይመዋል። ጠዋት ጠዋት ለጎዳናው ልጆች የአጃ ገንፎ ያበላሉ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ጣራው ላይ በሰቀሉት ድምፅ ማጉያ፣ በዚህ ከተማ በፖሊስ እጅ የሞቱትን ሰዎች ስም ያነባሉ። የምታነበው ላቬርን ነበረች፤ የጎረቤቴ የሚስ ኦዴሳ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ።

«አንቺ ላቬርን! ደረጃው!» ይላሉ ሚስተር ፐርኔል ፊሽካቸውን ነፍተው።

«ጄኔራል፣ ሰው እየተገደለ እርስዎ ድንጋይ ያሻሉ?»

«ሊገድሉን ሲመጡስ ቆሻሻ ላይ ይርገጡ? ምን ይሉናል? ደግሞ ያን ጡሩምባ ቀንሺው!»

«መቀነስ አልችልም። የምጠራቸው ሩቅ ናቸው።»

ሳቅን። ያኔ ሁላችንም ሳቅን።

ስለ ድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ ጻፍን። መልስ የለም። ሚስተር ፐርኔል ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው ከወንበሬ ኋላ ቆሙ።

«ጠመንጃ አላቸው በይ።»

«አላቸው እንዴ?»

«ምን ጠመንጃ አላቸው! የገንፎ ጭልፋ ነው ያላቸው። ግን አንድ ሰው መፍቻ ይዞ ይምጣና ያን ነገር ይንቀልልኝ።»

ለህሊናዬ ብዬ «ምናልባት» የምትል ቃል አስገባሁ። ፈረሙ። ላክነው።

አንድ ሰው ከነመፍቻው ነበር የጠበቅነው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሦስት መቶ ፖሊስ መጣ። ከየጣራው አነጣጠሩ፤ በእሳት አደጋ ቧንቧ መስኮቱን ሰበሩ፤ ጭስ ወረወሩ፤ ከዚያ አርባ ደቂቃ ሙሉ ተኮሱ። እኔ መታጠቢያ ገንዳዬ ውስጥ ተጋድሜ የራሴን ጣቶች እያየሁ ነበር። ሲያበቃ አምስቱን እያዳፉ አወጧቸው። ላቬርንና ክሊፍተን የሚባለው ልጅ በቃሬዛ ወጡ፤ ተሸፍነው። አምፖል ለመቀየር አራት ደብዳቤ ያስጻፈን ከተማ፣ ማንም ገብቶ ሳያይ፣ ቤቱን እስከ እኩለ ቀን አፍርሶ ጨረሰ።

በማግስቱ ጋዜጣው ላይ የፖሊስ ቃል ወጣ፦ «የታጠቁ መሆናቸውን የገዛ ጎረቤቶቻቸው በጽሑፍ አሳውቀውናል።» «ምናልባት» የለችም።

አሁን በሃምሳ ስድስትና በስድሳ መካከል ባዶ መሬት አለ። ቤቶቻችን ግድግዳ ይጋራሉና፣ በስድሳ ግድግዳ ላይ የላቬርን መኝታ ቤት ሰማያዊ ቀለም ቀርቷል፤ ማንም የማይደርስበት ከፍታ ላይ አንድ ሚስማር፣ ሚስማሩም ላይ መስቀያ ያለው ቀሚስ። ዝናብ ይመታዋል፤ አይወድቅም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ድምፁ ይጀምራል።

የመጀመሪያ ቀን የሰው ሬዲዮ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የጎዳናውን ሰዎች አየሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚስ ሃቲ ቧንቧ ትከፍታለች፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን የላትም። ወንድም ሉተር መኪናውን አስነስቶ የትም ሳይሄድ ቆሞ ያጓራዋል። የሚስ ኦዴሳ መስኮት ብቻ ይከፈታል። ስሞቹ በተለመደው ተራቸው ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ክሊፍተን አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ፣ እንደ ማንም ሰው ስም፣ ድምፅዋን ሳትሰብር «ላቬርን ክረምፕ» ትላለች።

አንድ ምሽት ሚስተር ፐርኔልን ደረጃቸው ላይ አገኘኋቸው። ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ነው።

«ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ሚስተር ፐርኔል።»

«ከራሷ ስም በኋላ ማጉያውን አታጠፋውም» አሉኝ። «ትተነፍሳለች። ሌላ ስም የምትጠብቅ ይመስለኛል።»

ተኩሱን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሥራ ሊጀምር ሳምንት ሲቀረው ሚስ ኦዴሳ ወደ እሳቸው ቤት መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ፐርኔል» አለች፣ ሳትቀመጥ። «ልጄን አንድ ጊዜ ቀብሬያለሁ። አሁን ደግሞ ጠመንጃ አስታቅፈው ሊቀብሩብኝ ነው። የጎዳናችን ሰው ጽፏል ይላሉ። ማን እንደጻፈ አንተ ሳታውቅ አትቀርም።»

እኔ እጆቼን ከጠረጴዛው በታች አደረግሁ። እሳቸው «በኮሚሽኑ ፊት እናገራለሁ» ብቻ አሏት።

የከተማው ጠበቃ ለስላሳ ሰው ነበር። ቀድሞ ሚስተር ፐርኔል ቤት ድረስ ሄዶ «ፈርተን ነበር ማለት ብቻ ይበቃል» ብሏቸዋል። ቀኑ ሲደርስ ሚስተር ፐርኔል የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው በኮሚሽኑ ፊት ተቀመጡ፤ ጠያቂው ጠበቃው ነበር።

«ይህ ደብዳቤ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«የረዳዎት ሰው አለ?»

ወደ እኔ አላዩም። «የለም።»

«ጠመንጃውን በዓይንዎ አይተዋል?»

«ጠመንጃ የሚባል ነገር አልነበረም። ዋሽቼ ነው። ያቺ ልጅ ባዶ እጇን ነበረች።»

አዳራሹ ተናወጠ። ከፊቴ የሚስ ኦዴሳ ትከሻ ወረደ፤ ከዚያች ሐሙስ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጠበቃው ፈገግታውን ሰበሰበ።

«ለመንግሥት በሐሰት መጻፍ እንደሚያሳስር ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሹ?»

ከኋላ የተቀመጠው የእኛ ጎዳና ሁሉ መልሱን ያውቃል፦ ያለ ቅመም ማንም አይመጣም። «ንገራቸው እንጂ!» ብሎ ጮኸ ወንድም ሉተር። እኔም ውስጤ እየጮኸ ነበር፦ ይንገሯቸው፣ ያስረዷቸው፣ እኔም ትንሽ ልተንፍስ። ሚስተር ፐርኔል ዞረው ሚስ ኦዴሳን አዩ። ማስረዳቱ ለእሷ ማመካኛ ብቻ እንደሚሆንባት የገባቸው መሰለኝ።

«አላስረዳም» አሉ።

«ይቅርታ?»

«አላስረዳም።»