የባራሳ ረጅም መስመሮች

ሙምቡዋ ኪሎንዞ ብዙ የምትዋሽ ሴት አይደለችም። አንዴ የዋሸችውም ለሟች ብላ ነው። ሟቹ ደግሞ አልላኳትም።

ነገሩ የሆነው ናይሮቢ፣ ንጎንግ መንገድ ላይ፣ ከአንድ የጎማ መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። እዚያ ሦስት ሰዎች፣ ሙምቡዋ፣ ኦቾላና ጄፕቶ፣ «ንጂያ» ለሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የመማሪያ መመሪያ ይጽፋሉ። ቀድሞ አራት ነበሩ። አራተኛው፣ የሁሉም አስተማሪ የነበሩት መምህር ባራሳ ወኬሳ፣ በመጋቢት አርፈው አገራቸው ቡንጎማ ተቀበሩ። መመሪያውን አሥራ አንድ ዓመት ጽፈውታል፤ ከአሥር መስመር ሰባቱ የእሳቸው ነው። ሙምቡዋን ከሆቴል እንግዳ ተቀባይነት አውጥተው ለዚህ ሥራ ያበቋትም እሳቸው ናቸው። ውለታቸውን በምን እንደምትመልስ ሳታውቅ ሞቱባት።

መምህር ባራሳ አንድ አመል ነበረባቸው፤ መስመር አይሰብሩም። «ሐሳብ መሀል ላይ አይቆረጥም» ይሉና አንዱን የኮድ ምሳሌ እስከ መቶ ስልሳ ፊደል ድረስ በአንድ መስመር ይነዱታል። ኦቾላ አርባ ፊደል ላይ ይሰብራል። ጄፕቶ ደግሞ እንደ ስሜቷ ነው። ተማሪው ገጽ በገለጠ ቁጥር ሌላ ሰው ያናግረዋል። ስለዚህ ሰኔ ላይ አንድ የአጻጻፍ ደንብ መርጠው፣ ምሳሌውን ሁሉ በማስተካከያ ፕሮግራም ወደዚያ ደንብ ሊመልሱ ተቀመጡ።

ኦቾላና ጄፕቶ አጭሩን መስመር ፈለጉ። አብዛኛው ተማሪ የሚያነበው በስልክ ነው። ረጅም መስመር ስልክ ላይ በራሱ ይታጠፋል፣ ተማሪውም የታጠፈበትን ያለቀበት አድርጎ ያየዋል። እዚያው ቆርጦ ይገለብጠዋል፤ ኮዱም አይሠራለትም። ይህ እውነት መሆኑን ሙምቡዋም ታውቃለች።

እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነው። በመመሪያው ገጽ ላይ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን፣ መስመሩን መጨረሻ የነካው ሰው ስም በትንሹ ይታያል። ማስተካከያው መስመር ሲሰብር የሚገባው ፕሮግራሙን ያስነሳው ሰው ስም ነው። አራት ሺህ ከሚያህል መስመር ላይ «ባራሳ» የሚለው በአንድ ጠዋት ሊነሳ ነው። የድሮው መዝገብ አይጠፋም፣ ከሥር ይቀመጣል፤ ግን ማን ቆፍሮ ያየዋል? ሰውየውን ሁለተኛ መቅበር ሆነባት።

ይህንኑ ብትናገር ጓደኞቿም የሐዘኑ ተካፋዮች ናቸው፣ ይገባቸው ነበር። ነገር ግን በዚያ ቢሮ ድምፅ አይሰጥም። አንድ ሰው ከተቃወመ ነገሩ ይቆማል፤ የሚቃወመው ሰው ግን በውሳኔው የሚጎዳ አንድ አንባቢ መጥቀስ አለበት። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ባራሳ ነበሩ፤ ክርክር በተነሳ ቁጥር «አንባቢው ማነው?» ይሉ ነበር። ሟች አንባቢ አይደለም። ስለዚህ ሙምቡዋ አንባቢ ፈጠረች።

ኪቱዊ ውስጥ አንዲት መምህርት አለች አለቻቸው። መመሪያውን በወረቀት አትማ ሠላሳ ልጅ ታስተምራለች፤ መስመሩ ከተሰበረ ገጹ በእጥፍ ይበዛባታል። ሲሰሙት ያሳምናል። ኦቾላ ቅር እያለው ማስታወሻውን ዘጋ፤ ነገሩም ቆመ። ጄፕቶ ግን የመምህርቷን ስልክ ቁጥር ጠየቀች። ሙምቡዋ እፈልግልሻለሁ እያለች ሁለት ሳምንት አጓተተቻት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ጄፕቶ በየማለዳው ስትጠይቅ የኪቱዊዋ መምህርት እየሳሳች መጣች።

በሦስተኛው ሳምንት የባራሳ ባለቤት ከቡንጎማ ደወሉ። ማማ ሲሚዩ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ከሐዘኑ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባቸው፣ ባላቸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተጎንብሰው የጻፉት ምን እንደሆነ ለማወቅ ንጂያን መማር ጀምረዋል፤ ያውም በልጃቸው አሮጌ ስልክ። ሙምቡዋ ይህን አታውቅም ነበር።

«ልጄ፣ የመጀመሪያዋን ምሳሌ እንኳ ማለፍ አቃተኝ» አሉ። «እንዳየሁት ጽፌዋለሁ፣ ስህተት ነው ይለኛል። አንድ ሳምንት ሙሉ ታገልኩ።»

«የቱ ጋ ነው መስመሩን የጨረሱት፣ ማማ?»

«እሱ የጨረሰበት ላይ ነዋ። እኔ ከራሴ ምን እጨምራለሁ።»

ሴትየዋ የጨረሱት ስልኩ ያጠፈበት ላይ ነበር። ሙምቡዋ መስመሩ እንደሚቀጥል አስረዳቻቸው። እሳቸውም መታጠፊያውን ከማብቂያው በምን እንደሚለዩት ጠየቁ። መለያ አልነበረውም። ማማ ሲሚዩ እንግዲህ ለትምህርት አርጅቻለሁ ማለት ነው ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ይህ አነጋገራቸው ሙምቡዋን ሲያንገበግባት ዋለ።

በማግስቱ ሻይና ማንዳዚ የሚባለው ጥብስ ሊጥ ቀርቦ ሳለ ተናገረች።

«የኪቱዊዋ መምህርት የለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት። የመምህር ስም ከገጹ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

ኦቾላ አንገቱን ደፋ። ጄፕቶ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ሠላሳ ልጅ ሙሉ ወልደሽ ለአንዱ እንኳ ስም አላወጣሽለትም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማስተካከያውን እኔ ላስነሳው። ስሙ የእኔ ይሁን፣ አንቺ አትንኪው።»

ሙምቡዋ እምቢ አለች። በሌላ ሰው እጅ ማስደረጉ ሁለተኛ ውሸት ይሆንባታል። ራሷ ተቀምጣ ትእዛዙን ሰጠች። የአሥራ አንድ ዓመቱ ሥራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተስተካክሎ አለቀ። ገጹን ስትከፍተው መስመሮቹ አጥረው፣ ለዓይን ቀለው፣ ከላይ እስከ ታች የእሷ ስም ተደርድሯል። አለቀሰች። ሁለቱም አላባበሏትም፤ እነሱም የሚያባብላቸው ያስፈልጋቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማማ ሲሚዩ ደወሉ።

«ሠራልኝ» አሉ። ድምፃቸው ግን የደስታ አልነበረም። «ከጎኑ የሱ ስም ነበር። የት ሄደ? አሁን የማየው ያንቺን ነው።»

ሙምቡዋ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ውሸቷንም፣ ማስተካከያውን ያስነሳችው ራሷ መሆኗንም። ይቅርታ ጠየቀች። 

«ስልኩን የምከፍተው እኮ ስሙን ለማየት ነበር» አሉ ማማ ሲሚዩ። «የሚለውን አላነብም፣ አይገባኝማ። ስሙን አይቼ እዘጋዋለሁ። አሁን ስሙ የለም፤ የሚለውን ግን እየሰማሁት ነው።»

ከዚያ ወደ ትምህርቱ ተመለሱ።

«ሁለተኛው ምሳሌ ላይ ደርሻለሁ፣ ያላወቅኩት ነገር አለ። የተጻፈው ያንቺ ስም ነውና እንግዲህ የምጠይቀው አንቺን ነው።»

ሙምቡዋ ወንበሯን ሳበች፤ ገጹን ከፍታም የምሳሌውን የመጀመሪያ መስመር ቀስ ብላ አነበበችላቸው።